ጥቆማ፦ ቤት ለሚማር የ15 ዓመት ልጅ የሂሳብ አስጠኚ፣ ማጠናከሪያ ወይስ አፕ? (ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አያት፣ ጣፎ)

ከቱሉ ዲምቱ፦ ቤት የሚማር የ15 ዓመት ልጅ አለን። እንግሊዝኛውም ባዮሎጂውም ደህና ነው፤ ሂሳብ ላይ ግን የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ቆሞ ቀርቷል። የያዝነው ሦስት አማራጭ ነው፦ በኤጀንሲ የሚላክ የቤት ለቤት አስጠኚ፣ ቅዳሜና እሁድ ኮዬ የሚሰጥ ማጠናከሪያ፣ ወይም ስልክ ላይ የሚጫን አፕ። ብራችንን የቱ ላይ እናውጣ?

ከጣፎ፣ የሂሳብ መምህር፦ ለአንዱም ከመክፈልዎ በፊት ልጁ የት ላይ እንደተሰናከለ ይወቁ። 9ኛ ላይ የቆመ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው 5ኛና 6ኛ ክፍል ላይ ነው። አስጠኚው ግን መጥቶ የሚከፍተው የ9ኛን መጽሐፍ ነው፤ ብር የሚባክነው እዚህ ጋ ነው።

20 ጥያቄ፣ 40 ደቂቃ፣ ካልኩሌተር የለም። 6 ክፍልፋይ፣ 5 ኔጌቲቭ ቁጥር፣ 4 መቶኛና ሬሾ፣ 3 ቀላል ኢኩዌሽን፣ 2 በቃላት የተጻፈ ጥያቄ። ጮክ ብሎ እያወራ ይሥራ፤ እርስዎ አያርሙት፣ የሚለውን ብቻ ይመዝግቡ። ሲጨርስ ስህተቶቹን ሦስት ቦታ ይክፈሏቸው፦ ማባዣ የጠፋበት (7×8 ሲባል 54 የሚል)፣ ሕጉን ያጣመመ፣ ጥያቄው ራሱ ያልገባው። የሦስቱም መድኃኒት ለየቅል ነው።

ማባዣው ቀላሉ ነው። እስከ 10 ካለው ሰንጠረዥ 1፣ 2፣ 5 እና 10ን አውጡ፤ 3×7 እና 7×3ን እንደ አንድ ቁጠሩ፤ የሚቀረው 21 ብቻ ነው። በቀን 3 አዲስ፣ የትናንቶቹን እየከለሰ። ሙሉውን ሰንጠረዥ ከ1 ጀምሮ እንደ ውዳሴ ማርያም ማስደገም 8×7ን ለብቻው ሲጠይቁት አያወጣውም፤ ከ8×1 ተነስቶ ነው የሚደርስበት።

ሕግ የተጣመመበት ግን ጊዜ ይፈልጋል። 2/3 + 1/4 ስጡት። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ 3/7 ካለ «ተሳስተሃል» አይበሉት፤ ከካርቶን 24 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ይቁረጡለት። 2/3ኛው 16 ሳንቲ ነው፣ 1/4ኛው 6 ሳንቲ። ራሱ ይለካ፣ ያስምር። ከዚያ «የአንተ 3/7 በዚህ ዘንግ ላይ ስንት ሳንቲ ይሆናል?» ይበሉት። 10 ከምናምን ነው። 16 ላይ 6 ተጨምሮ እንዴት 10 ይሆናል? ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ከሃያ ልምምድ ይበልጣል። ትክክለኛው 22 ሳንቲ፣ ማለትም 22/24፣ ሲቃለል 11/12 ነው። ለምን 24 ተመረጠ ካሉ፦ በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ6፣ በ8 እና በ12 ሳይሰበር ይካፈላል። በ30 ሳንቲ ማስመሪያ ሩብ ላይ ሲደርሱ 7.5 ይመጣና ልጁ ሌላ ጣጣ ውስጥ ይገባል።

ከጀሞ፣ የቤት ለቤት አስጠኚ፦ መምህር ልክ ናቸው። እኔ የአስጠኚውን ጉዳይ ልጨምር።

እህቴ፣ ኤጀንሲ የሚጠቅምሽ ሰው ማጣራት ካቃተሽ ነው። ከምትከፍይው ላይ ድርሻውን ያነሳል፣ አስጠኚው በሚደርሰው ከተከፋ ደግሞ በመሀል ይቀየራል፤ ልጁ ከአዲስ ሰው ጋር ሁለት ሳምንት «የት ደርሰሃል?» ሲባባል ያልፋል። በኤጀንሲ ከሆነ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከተቀየረ ደግሞ የመጀመሪያው ሰዓት በነጻ መሆኑ በጽሑፍ ይግባ። በቀጥታ ከሆነ እዚያው ኮንዶሚኒየም ወይም በአንድ ታክሲ የሚደርስ ሰው ፈልጊ። ከአራት ኪሎ ቱሉ ዲምቱ ማታ 11 ሰዓት ላይ እመጣለሁ የሚል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሐምሌ ላይ አይመጣም፤ የታክሲው ሰልፍና ዝናቡ ይበቃዋል።

የመጀመሪያውን ሰዓት ከፍለሽ ሞክሪው። ይህን ጠይቂው፦ 2/3 ለ 1/4 ሲካፈል ለምን ገልብጠን እናባዛለን? «ሕጉ ነው» ካለ አመስግነሽ ሸኚው። በመምህር ዘንግ መልሱ ቀላል ነው፦ 16 ሳንቲ ውስጥ ስንት ባለ 6 ሳንቲ አለ? ሁለት ሙሉና ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 8/3። ይህን በራሱ መንገድ ማሳየት የቻለ ሰው ዲግሪው የጂኦሎጂ ቢሆንም ያዢው።

ሁለተኛው ምልክት እስክሪብቶው ማን እጅ ላይ ነው የሚለው ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ደብተሩን ክፈቺ፤ ጽሑፉ በአብዛኛው የአስጠኚው ከሆነ ልጁ ፊልም ሲያይ ነው የዋለው።

ሰዓቱ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት ከሩብ። ቅዳሜ 4 ሰዓት በአንድ ጊዜ መደርደር አይሠራም፤ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይረሳል። ክፍያው በወር ሳይሆን በ12 ክፍለ ጊዜ ይታሰብ፤ በዓልና የቀረበት ቀን አያጨቃጭቅም። ትራንስፖርቱ በማን እንደሆነም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከአያት፦ ማጠናከሪያው ላይ ማንም ምንም አላለም። 25 እና 30 ልጅ የሚቀመጥበት ክፍል የቀረውን ለመሙላት አይሆንም፤ የደረሰ ልጅን ለፈተና ማፍጠኛ ነው። ቤት ለሚማር ልጅ ግን አንድ ጥቅም አለው፦ እኩዮቹ በምን ፍጥነት እንደሚሠሩ ያያል። ክፍልፋዩና ኔጌቲቩ ከተስተካከሉ በኋላ፣ ለአንድ ተርም።

ስለ አፕ፦ መብራትና ኔትወርክ እንደ እኛ ሰፈር ከሆነ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው የሚያዋጣው። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ የካን አካዳሚን (ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት ነው) ቪዲዮና መልመጃ አንዴ ካወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በቤት ዋይፋይ ደግሞ ልጁ በስልኩ ሊከፍተው ይችላል። የሂሳቡን ቻናል ሙሉውን አውርድ ካሉት ግን ጥቅሉንም ዲስኩንም ይጨርሳል፤ ክፍልፋይ፣ ኔጌቲቭ ቁጥርና በአንድ እርምጃ የሚፈታ ኢኩዌሽን ብቻ መርጣችሁ በሌሊት ጥቅል አውርዱ። የአስተማሪ ገጹ ልጁ የትኛውን ጥያቄ ስንቴ እንደሳተ ያሳያል፤ አስጠኚው ሲመጣ ከዚያ ይነሳ። ጂኦጂብራ የሚባለው ነጻ የሂሳብ ፕሮግራምም ለግራፍ ጥሩ ነው። ፎቶ አንስቶ መልስ የሚሰጠውን ፎቶማዝን ግን ለራሳችሁ መልስ ማመሳከሪያ እንጂ ለልጁ አትጫኑ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ አባከስስ (በዶቃ መቁጠሪያ የሚሰጠው የሂሳብ ስልጠና)? ሰፈራችን ተከፍቷል። መጽሐፉን ደግሞ አዲሱን ነው ወይስ የድሮውን ብንገዛ?

ከጣፎ፣ የሂሳብ መምህር፦ አባከስ ለትንንሾች የቁጥር ፍጥነት ነው፤ −3(ሀ−4) = 18 ላይ ለቆመ ልጅ ምንም አያደርግለትም (ኤክስን ነው ሀ ያልኩት)። እዚህ ልጆች −3ን በ−4 ሲያባዙ −12 ይጽፉና ሀ = −10 ያወጣሉ። የምልክቱን ሕግ ከማስጮህ ይልቅ መልሱን መልሶ እንዲያስገባ ያስለምዱት፦ −10−4 = −14፣ በ−3 ሲባዛ 42፤ 18 አልሆነም። −2ን ሲያስገባ −6 በ−3፣ 18። በእያንዳንዱ ኢኩዌሽን ስር «ማረጋገጫ» የሚል አንድ መስመር ሳይኖር ደብተሩን አይቀበሉት። ባለ ካሬ ደብተር ይሁን፤ የምልክት ስህተት ግማሹ ከተጨናነቀ ጽሕፈት ነው።

መጽሐፉ፦ ለ9ኛ የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ያትሙለት። ለክፍልፋይና ለኔጌቲቭ ግን የድሮው የ5ኛ፣ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ይበቃል፤ መርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ተራ በርካሽ ይገኛል። መልመጃው ላይ በእርሳስ መልስ ያልተሞላበትን ይምረጡ።

ሦስተኛውን ዓይነት ስህተት አይርሱ። የአዲስ አበባ ልጅ እስከ 6ኛ በአማርኛ ተምሮ 7ኛ ላይ ሂሳቡ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። እንግሊዝኛው ጎበዝ የሆነም ቢሆን «ከአንድ ቁጥር እጥፍ በ5 ያነሰ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲያነብ 5 ቀድሞ ስለሚመጣ 5 − 2ሀ ብሎ ይጽፋል፤ መሆን ያለበት 2ሀ − 5። በሳምንት 5 እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች፣ ሳይፈቱ፣ ወደ ምልክት ብቻ መቀየር።

ከጀሞ፣ የቤት ለቤት አስጠኚ፦ በየ12 ክፍለ ጊዜው ያንኑ የ20 ጥያቄ ፈተና ቁጥሩን ቀይራችሁ ስጡት። ክፍልፋዩ ከ6ቱ 5 ካልደረሰ ወደ 9ኛ አትመለሱ። ደርሶ ኢኩዌሽኑ ካልተንቀሳቀሰ አስጠኚውን ቀይሪ።

ከአያት፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ዳር ላይ ለምንኖር ነው። ቤታችሁ አዲስ አበባ ነው ወይስ ሸገር ከተማ? የ8ኛ ክፍልን ፈተና የሚያዘጋጀው በአንዱ የከተማ አስተዳደሩ፣ በሌላው የኦሮሚያ ክልል ነው፤ የ12ኛው አገር አቀፍ ነው። ቤት የሚማር ልጅ በግል ተፈታኝነት እንዴት እንደሚመዘገብና ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልገው ትምህርት ጽሕፈት ቤታችሁ ድረስ ሄዳችሁ አሁኑኑ ጠይቁ፤ ምዝገባ ሲከፈት ከሆነ የ8ኛ ማስረጃ ፍለጋ ስትሉ ቀኑ ያልፋል።