አስቸኳይ፦ ከሁለቱ የ«ዳርክ ሳይድ» ሸክላዎች የትኛውን ልመልስ? ነገ ቀኑ ያበቃል

ሜሪላንድ_ነኝ፦
ሰላም ወገኖች፣ ባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ሁለት እትም ገዛሁ፤ አነጻጽሬ አንዱን ላስቀር፣ አንዱን ልመልስ ነበር ሐሳቤ። አንደኛው የ2003ቱ፣ የ30ኛ ዓመቱ፣ ያገለገለ ነው። ሌላው የ2023ቱ፣ የ50ኛ ዓመቱ፣ ላስቲኩን ራሴ የቀደድኩት አዲስ። ሱቁ መልሶ የሚቀበለኝ እስከ ነገ ማታ ብቻ ነው። ሳይድ ኤ መጨረሻ ላይ ያቺ ሴትዮ መጮህ ስትጀምር ድምፁ ይሻክራል፤ የተቀደደ ስፒከር ነው የሚመስለው። በአዲሱ ይብሳል። ከዚያ በፊት ያለው እንከን የለውም። አዲሱ ሲታተም ተበላሽቶ ነው አይደል? የትኛው እትም ነው ጥራት ያለው?

የፒያሳ_ልጅ፦
ሴትዮዋ እኮ ስም አላት፣ ክሌር ቶሪ ትባላለች። ዘፈኑ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ነው። ለዚያ ሁሉ ጩኸት በጊዜው የተከፈላት 30 ፓውንድ ነው። እኔ ብሆን ከዚህም በላይ ነበር የምሻክረው።

ውሃና_ጨርቅ፦
እጠበው። አዲስ ሸክላም ቢሆን ከማሸጊያው የወረቀት ብናኝ ይዞ ይመጣል። የተጣራ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ዙሩን ተከትለህ። ሌላ ነገር አትንካ።

ጋሽ_ማስተር_ቴፕ፦
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ ብትይዙት ጥሩ ነው። ይህ አልበም በ1972 እና በ1973 አቢይ ሮድ ስቱዲዮ፣ በ16 ትራክ ቴፕ የተቀዳ ነው፤ የድምፅ ኢንጂነሩ አለን ፓርሰንስ ነበር። የእንግሊዙ የመጀመሪያ ሸክላ ሃርቨስት በሚባለው የሸክላ ኩባንያ ስም የወጣው፣ መለያ ቁጥሩ ኤስኤችቪኤል 804 የሆነው ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች መሃላቸው ያለው ወረቀት ላይ ሙሉ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን አለባቸው። ዛሬ ያንን የሚያገኝ ሰው ከፈለገም አይሸጠውም። ቀጥሎ በ1979 ሞባይል ፊዴሊቲ የሚባለው የሸክላ አሳታሚ ያወጣው አለ። ስታን ሪከር በግማሽ ፍጥነት የቆረጠው፣ ማለትም ድምፁን ለማተሚያ የቀረጸው ነው፣ የታተመው ጃፓን። ግማሽ ፍጥነት ማለት ቴፑም መቁረጫ ማሽኑም በእኩሌታ ፍጥነት ይሽከረከራሉ፤ መቁረጫው ቀጫጭኑን ድምፅ ለመቅረጽ እጥፍ ጊዜ ያገኛል። ከዚያ የ2003ቱ ይመጣል፤ ኬቪን ግሬይ አኮስቴክ ስቱዲዮ ያዘጋጀው፣ 180 ግራም። ለእኔ ከዚያ ወዲህ የወጣው አይቆጠርም። የአናሎግ፣ ማለትም ዲጂታል ያልነካው ድምፅ ጆሮ ያለው ሰው ልዩነቱን በአንድ ደቂቃ ይለየዋል። አዲሱን መልስ፣ ነገሩ አለቀ።

ሜሪላንድ_ነኝ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የ2003ቱም ይሻክራል እኮ፣ ያነሰ ነው እንጂ።

ጥርጣሬ፦
መጀመሪያ ነገር «በአዲሱ ይብሳል» ያልከውን በምን አወቅህ? ሁለቱ እትሞች እኩል ጮክ ብለው አልተቆረጡም ይሆናል። ቮሊዩሙን ሳትነካ ካፈራረቅህ ጮክ ያለው መጀመሪያ ላይ ይጥምሃል፣ ሲሻክርም የባሰ መስሎ ይሰማሃል። ስልክህ ላይ የድምፅ መለኪያ ጫን፣ ሶፋህ ላይ አስቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ቦታ አጫውት። ለምሳሌ «ታይም» ላይ ሰዓቶቹ ካበቁ በኋላ ከበሮው የሚገባበት። ቁጥሩ እኩል እስኪሆን ቮሊዩሙን አስተካክል። ያለዚያ ማነጻጸር አይባልም፣ ስሜት ነው።

ጋሽ ማስተር ቴፕ፣ በ2022 የሆነውን ረሱት እንዴ? ሞባይል ፊዴሊቲ ለዓመታት ብዙዎቹን ሸክላዎች ሲቆርጥ መሃል ላይ ዲጂታል ፋይል ውስጥ ያሳልፋቸው እንደነበር የወጣው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ «ይሄ ነው አናሎግ» እያሉ ያወደሱት ጆሮዎች የት ነበሩ?

ጋሽ_ማስተር_ቴፕ፦
የ1979ኙ ከዚያ ጉዳይ ጋር ምንም አያገናኘውም። የሞባይል ፊዴሊቲ ዲጂታል ፋይል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው! አንብበህ መልስ።

ጥርጣሬ፦
የ1979ኙን አላነሳሁም። «በአንድ ደቂቃ ይለየዋል» ያሉትን ነው ያነሳሁት።

ስሙኒ፦
ኧረ አታካብዱት። ድሮ ቤታችን መርፌው ሲዘል አባባ መርፌውን የያዘው የማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ ስሙኒ ይጭኑበት ነበር፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሞክረው፣ አሜሪካ ስሙኒ ከጠፋ ኳርተርም ይሆናል።

እህተ_ሸክላ፦
ስሙኒ፣ በናትህ! አባባ ስሙኒውን የጫኑባቸው ሸክላዎች ዛሬ እጄ ላይ ናቸው፤ ግማሾቹ የድምፅ መስመራቸው ተፍቆ አልቋል። በሰው ንብረት አትቀልድ።

አንተ ሜሪላንድ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልብ በል። አንዱ በ2003፣ ሌላው በ2023 የወጣ ነው፣ በ20 ዓመት የሚለያዩ ሁለት ሸክላዎች አንድ ቦታ ላይ ይሻክራሉ። ሁለቱ የሚጋሩት ምንድነው? ያንተ መርፌ። እትሙን ተወው። ካርትሪጅህ፣ መርፌው የተሰካበት ራስ፣ ምንድነው? ማን ገጠመው? መርፌው ሸክላው ላይ የሚጫነው በስንት ግራም ነው? ደግሞ በሁለቱም ስፒከር እኩል ነው የሚሻክረው ወይስ ባንዱ በኩል?

ውሃና_ጨርቅ፦
መርፌውንም ይጠበው። ከኋላ ወደ ፊት በብሩሽ። ወደ ጎን ካሸው ይሰበራል።

ሜሪላንድ_ነኝ፦
ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ነው። ማጫወቻውን ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ሻጩ ገጥሞ አስተካክሎ ነው የሰጠኝ፣ ስለዚህ እሱ ችግር የለውም። ግራሙን አላየሁም። አሁን ስትዪኝ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት፣ በቀኝ በኩል ይብሳል። አጥቤዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ነገ ከሥራ ስወጣ ሱቁ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ነው የሚቀረው፣ እባካችሁ።

ውሃና_ጨርቅ፦
በምን አጠብከው? የቧንቧ ውሃ ከሆነ እንደገና እጠበው።

እህተ_ሸክላ፦
ሻጩ አስተካክሎት ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ግን ማጫወቻ በመኪና ተጭኖ ከመጣ በኋላ «ተስተካክሏል» የሚባል ነገር የለም።

ለምን መጨረሻው ላይ ብቻ እንደሆነ ልንገርህ። ሸክላው በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ ነው የሚዞረው፣ ዳርም ይሁን መሃል። ነገር ግን ዳር ላይ አንድ ዙር ረጅም መንገድ ነው፤ መርፌው ሥር በሰከንድ ወደ 51 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። መጨረሻው ላይ ወደ 21 ይወርዳል። ያው የአንድ ሰከንድ ዘፈን ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨቁኖ ይጻፋል። እዚያ ላይ ደግሞ መቁረጫ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ወደ መሃል የሚሄድ ሲሆን ያንተ ክንድ ግን ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ቅስት እየሠራ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ መርፌው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የሚያነበው። ዳር ላይ ይቅር የሚባለው ጥመት መሃል ላይ ይሰማል። ፒንክ ፍሎይዶች ደግሞ ከሳይድ ኤ ሁሉ ኃይለኛውን የሴት ድምፅ በትክክል እዚያ አስቀምጠውልሃል። ይህ አልበም ለመርፌ ፈተና ነው የሚባለው በከንቱ አይደለም።

አሁን ዛሬ ማታ የምታደርገው። መጀመሪያ አንቲ ስኬቱን፣ ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ፣ ዜሮ አድርግ። የመርፌውን ክዳን አንሳ፣ ክንዱን ነፃ ልቀቀውና የኋላውን ክብደት እያዞርክ ክንዱ በራሱ አየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ጠብቅ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የማይል። ከዚያ ክብደቱን ሳታዞር የቁጥሩን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጣ። ቀጥሎ ሙሉውን ክብደት 2 እስኪል አዙር። ለቪኤም95ኢ የታዘዘው 2 ግራም ነው፣ ከ1.8 እስከ 2.2 ይቀበላል። ሲያንስ ሸክላውን ያስቀይማል እንጂ አያድነውም፤ መርፌው ከድምፅ መስመሩ ግድግዳ እየተነሳ ይማታል። ትንሿን ዲጂታል ሚዛን ብታዝዝ ጥሩ ነው፣ ለዛሬ ግን ቀለበቱ ይበቃሃል።

ከዚያ አንቲ ስኬቱን 2 ላይ አድርግ። በቀኝ በኩል ይብሳል ማለትህ ይህንን ነው የሚያሳየኝ፦ ክንዱ በተፈጥሮው ወደ መሃል ይሳባል፣ የሚመልሰው ነገር ሲያንስ መርፌው የውስጠኛውን ግድግዳ ተደግፎ የውጭኛውን ይለቃል። የውጭኛው ግድግዳ የቀኙ ድምፅ ነው።

በመጨረሻ ጥመቱ። ኢንተርኔት ላይ የካርትሪጅ ማስተካከያ ወረቀት አለ፣ በነፃ። ቤርቫልድ የሚባለውን አትም፤ ሁለት ነጥብ አለው፣ ከመሃሉ ዘንግ በ66 ሚሊ ሜትርና በ120.9 ሚሊ ሜትር ላይ። ስታትም ፕሪንተሩ ገጹን እንዳያሳንሰው፣ ልክ መቶ በመቶ በለው፣ ከታተመ በኋላም በማስመሪያ ለካው። መርፌውን ነጥቡ ላይ አሳርፍ፣ የካርትሪጁ ጎኖች ከመስመሮቹ ጋር ትይዩ መሆን አለባቸው፣ በሁለቱም ነጥብ። ካልሆኑ ሁለቱን ብሎኖች ላላ አድርገህ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ዞር እያደረግክ አስተካክል። ይህ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

የፒያሳ_ልጅ፦
ይሄ ሁሉ ለአንድ ጩኸት? ካሴት ይግዛ።

ጥርጣሬ፦
እህተ ሸክላ ያለችው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። የ2003ቱ ያገለገለ ስለሆነ፣ የድሮው ባለቤት ያረጀ መርፌ ተጠቅሞበት ከሆነ ሽክሩ ግድግዳው ላይ ተቀርጾ ይቀራል፣ ምንም ብታስተካክል አይለቅም። ስለዚህ አስተካክለህ ስትጨርስ መጀመሪያ የምትሰማው አዲሱን ይሁን። አዲሱ ጠርቶ የ2003ቱ ከሻከረ የ2003ቱ ተበልቷል ማለት ነው፣ እሱን መልስ። ሳይድ ቢንም ሞክር፣ «ኢክሊፕስ» መጨረሻ ላይ ሁሉም አብረው ሲዘፍኑ ተመሳሳይ ፈተና ነው። እንዲያውም ሳይድ ቢ ይረዝማል።

ጋሽ_ማስተር_ቴፕ፦
እህቴ ያስረዳችው በጣም ደስ ይላል፣ ቤርቫልድ ግን የግድ አይደለም። የመጨረሻው መስመር ላይ የሚቸገር ሰው ስቲቨንሰን የሚባለውን ወረቀት ይጠቀም፤ የውስጠኛው ነጥብ 60.3 ሚሊ ሜትር ላይ ስለሆነ መርፌው ቀጥ የሚለው ልክ ዘፈኑ የሚያልቅበት አካባቢ ነው። መሃል ላይ ትንሽ ትከፍላለህ። ከተስተካከለ በኋላም ቢሆን የ2003ቱን አስቀር እላለሁ፤ ባሱ ሥጋ አለው፣ መጀመሪያ ላይ ያለው የልብ ምት ደረትህ ላይ ነው የሚመታው።

እህተ_ሸክላ፦
ጋሼ፣ ስቲቨንሰኑ ልክ ነዎት፣ ለዚህ አልበም ይመቻል። ስለ ባሱ ግን መርፌው ሳይስተካከል የተሰማው ሁሉ አይታመንም።

ሜሪላንድ_ነኝ፦
የኋላውን ክብደት ከዜሮ ስጀምር ታወቀኝ፣ ሻጩ የተወው 1 አካባቢ ነበር። 2 ላይ አደረግኩት፣ አንቲ ስኬቱንም 2። ሴትዮዋ፣ ይቅርታ ክሌር ቶሪ፣ ከሦስት እጁ ሁለቱ ጠራላት። በቀኝ ትንሽ አለ አሁንም። አዲሱ ላይ ነው የሞከርኩት፣ የ2003ቱን ገና አልሰማሁም። ቤት ፕሪንተር የለኝም፣ ጠዋት ቢሮ አትሜ ይዤ እመጣለሁ።

ስሙኒ፦
ኳርተር ብትጭንበት ኖሮ ያው 2 ግራም ትደርስ አልነበር?

እህተ_ሸክላ፦
አሜሪካ ኳርተር ብቻውን 5.67 ግራም ነው። ተው።

ጥርጣሬ፦
ቀሪው ሽክር የመርፌው ቅርጽ ሊሆን ይችላል። ቪኤም95ኢ ኤሊፕቲካል ነው፣ ጫፉ ሞላላ ማለት ነው፤ እዚያ መጨረሻው መስመር ላይ ያን ያህል ጎበዝ አይደለም፣ ግን ከተስተካከለ ይሠራል።

የፒያሳ_ልጅ፦
ሜሪላንድ፣ ቀኑ አለፈ እኮ፣ ምን ደረስክ? የ2003ቱን መልሰኸው ከሆነ ሱቁን በውስጥ መስመር ጠቁመኝ። ፖስተሮቹና ተለጣፊዎቹ አብረውት ካሉ ዛሬውኑ ሄጄ አነሳዋለሁ።

ጋሽ_ማስተር_ቴፕ፦
ካሴት ይግዛ ስትል አልነበር?

አዲስ_ገባ፦
እዚሁ ላይ ልጠይቅ። እኔም ቪኤም95ኢ ነው ያለኝ፣ የኔም «ኢክሊፕስ» ላይ ይሻክራል። ካርትሪጁን ሙሉ ልቀይር ወይስ መርፌውን ብቻ?

እህተ_ሸክላ፦
መርፌውን ብቻ። የቪኤም95 ቤተሰብ አካሉ አንድ ነው፣ መርፌው ተስቦ ይወጣል፣ ሌላው ይገባበታል። ኤምኤል የተባለውን ብትገዛ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ መጨረሻው መስመር ላይ ልዩነቱን ትሰማዋለህ። ግን ከመግዛትህ በፊት ከላይ የጻፍኩትን አድርግ፤ ቀጭን መርፌ ጥመትን የባሰ ነው የሚያጋልጥ።

ውሃና_ጨርቅ፦
እሱንም እጠበው።