የሁለት ወንድማማቾች አጭር ልቦለድ፦ ታላቁ ጨካኝ ብቻ ሆነብኝ

የቀሃ ልጅ፦
ጎንደር ላይ የሚካሄድ የ1,500 ቃል ልቦለድ ይዣለሁ። ተራኪው ታላቅዬው ነው። ደረቱ ደካማ የሆነ ታናሹን ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዘሎ እንዲገባ ነሐሴ ላይ እዚያው ያለማምደዋል፤ ልጁ ይሰጥማል። ያነበቡት ሁሉ ታላቁን ጠሉት። ፍቅሩም እንዲታይ ምን ልቀይር?

ብራና፦
ከቦታው ጀምር። መዋኛው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ነሐሴ ላይ ልጅ ካሰጠምክበት የጎንደር አንባቢ እዚያው ይተውሃል። ልምምዱን ቀሃ ላይ አድርገው። ክረምት ላይ ራስጌው ሲዘንብ፣ ታች ፀሐይ ወጥቶ እያለ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። ያኔ ታላቁ ወንድሙን አልገፋውም፤ ልጁ «ደከመኝ» ሲል አፍሮበት ቀድሞ ሄደ እንጂ። ጥፋቱ ያ ጥቂት እርምጃ ነው።

«ትዕቢት» የሚለውን ቃል ከረቂቁ አውጣው። ታላቁ ለሰፈሩ ልጆች «ዘንድሮ ወንድሜ ይዘላል» ብሎ ይፎክር፤ ኩራቱ ከዚያ ይታወቃል። ፍቅሩ ደግሞ በአንድ ነገር ይውጣ፦ ልጁ ከውኃ ሲወጣ ታላቁ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ጋቢውን ያልብሰው፤ ጥርሱ እየተፋጨም «ሲያስልህ ማንም እንዳይሰማህ» ይበለው። ፍቅሩም እፍረቱም እዚያች ላይ አሉ። ከ1,500ው ቃል 700ውን ለልምምዱ ስጥ፤ አንባቢ አብሮ ካልደከመ ሞቱ ድንገተኛ አደጋ ብቻ ይሆንበታል።

«ያኔ ባውቅ ኖሮ» የሚሉትንም ሰርዝ። ተራኪው ቀድሞ ከተጸጸተ አንባቢው የሚፈርደው አይቀረውም።

ደንቢያ፦
በቦታው እስማማለሁ፤ እኔ ግን ትልቁን ሥራ ለአጠራሩ እሰጠዋለሁ። ታናሹ ከመጀመሪያው «ጋሼ» ይበለው። ደራሹ ሲመጣ ብቻ በስሙ ይጥራው፤ አንዴ። ከደገመው ይረክሳል።

አስከሬኑን አታሳይ። ከወንዙ በቀጥታ ወደ ሠልስቱ እለፍ፤ 150 ቃል ይበቃዋል። ለቀስተኛው ተቀምጧል፣ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። ነገሩን ስለማታውቅ ታላቁን «ጋሻው ነበርክ» ብላ ታወድሰዋለች። «ጋሼ» ማለት «ጋሻዬ» መሆኑን አንተ አታብራራ፣ አንባቢው ይሰማዋል። ታላቁም አይናገር፤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ያጣጥፈው።