የ106 ቀኑ ርዕሰ መስተዳድር ምን ትተውልን ሄዱ?

የጊዮርጊስ ሰፈሩ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። ትናንት ማታ የተጀመረው ወሬ መስመር ስለሳተ እንደገና በሥርዓት ልክፈተው። ዶክተር አምባቸው መኮንን የካቲት 29 ቀን 2011 የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ሆነው ተሾሙ። ሰኔ 15 እዚሁ ባሕር ዳር፣ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ተገደሉ። ዕድሜያቸው 50 እንኳ አልሞላም። ቁጠሩት፣ 106 ቀን ነው። አንዱ «ታላቅ መሪ ነበሩ» ይላል፣ ሌላው «ምን ሠሩና?» ይላል። እኔ የምጠይቀው፣ ውርስ የሚባል ነገር አላቸው ወይ? ወይስ ሞታቸውን ነው ውርስ ብለን የያዝነው? የራሴን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ አላቸው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ደግ ሰው ነበሩ ሲባል እሰማለሁ። ደግ ሰው ግን በየሰፈሩ አለ። ስድብ የጻፈ ይሰረዛል፣ ኋላ እንዳንቀያየም።

ባለ ባጃጁ፦
እኔ ፖለቲካ አላውቅም፣ ያየሁትን ልናገር። ቀኑ ቅዳሜ ነው። የሰኔ ጾም ገብቷል። ከአባይ ማዶ ሁለት ሴቶች ጭኜ ወደ መሀል ከተማ ስመጣ ጧ አለ። ሠርግ ነው እንዳልል ጾም ነው። አንዷ «ጎማ ፈነዳብህ እንዴ?» አለችኝ። ወርጄ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩት፣ ደህና ነው። ሁለተኛው ሲደገም ሦስታችንም ዝም አልን። ሴቶቹ ሒሳብ ሳይከፍሉ ወርደው ሮጡ፣ እኔም አልጠየቅኩም። ማታ ኢንተርኔት ጠፋ። የሚደውል ሁሉ «ምን ሰማህ?» ይላል እንጂ የሚነግርህ የለም። ለኔ ዶክተር አምባቸው ማለት ያቺ ማታ ናት። ሥራቸውን አላውቅም፣ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሥራቸው እኮ አፍንጫችን ሥር ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ የማን ሕልም ነው?

የጊዮርጊስ ሰፈሩ፦
ኧረ ተው ወንድሜ። ድልድዩ የፌዴራል መንግሥት የመንገድ ሥራ ነው። የተመረቀው ግንቦት 2016፣ እሳቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። 380 ሜትር ድልድይ ለአንድ ሰው አናሸክም። እንዲህ ያለ ነገር ስንለጥፍባቸው ነው ሰው «ውሸት ነው» ብሎ ሌላውንም የሚጥለው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ «ምን ሠሩ?» ከማለታችሁ በፊት ካላንደር አውጡ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰውዬው የገቡት የካቲት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሲሠሩበት የነበረው ገንዘብ ገዱ አንዳርጋቸው ርዕሰ መስተዳድር ሳሉ የጸደቀ ነው። የራሳቸው የሚባለው ዓመት ሊጀምር 15 ቀን ቀርቶት ሞቱ። አንዲት ቀን እንኳ በራሳቸው በጀት አላደሩም። ስንት መንገድ፣ ስንት ትምህርት ቤት ብሎ መጠየቅ ሳይዘራ አዝመራ መጠየቅ ነው።

ደግሞስ ሲገቡ ምን ጠበቃቸው? ተሹመው ወር ሳይሞላቸው አጣዬና ከሚሴ አካባቢ ግጭት ተነሳ። ሚያዝያ ላይ የመተከልና የጃዊ ደም መፋሰስ ተከተለ። ማዕከላዊ ጎንደር በተፈናቃይ ተጨናንቆ ነበር። ከእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ዶክትሬት የያዘ ሰው ከእሳት ወደ እሳት ሲሮጥ ነው ጊዜው ያለቀው። ያሳዝነኛል። ምጣኔ ሀብት አስተማሪ ስለነበርኩ አድልዎ አለብኝ፣ ይታወቅልኝ።

ሌላው፣ የሰውዬውን ሕይወት 106 ቀን ብቻ አታድርጉት። ከ2009 ጀምሮ የከተማ ልማትና ቤቶች ሚኒስትር ነበሩ። በ2010 ኢንዱስትሪ ሚኒስቴርን ያዙ። ከዚያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ ሆኑ። ስለነዚያ ዓመታት የሚያወራ አላየሁም። ሁላችንም የመጨረሻውን ገጽ ገልጠን ነው የምናለቅሰው።

የጊዮርጊስ ሰፈሩ፦
መምህር፣ የበጀቱ ነገር ገብቶኛል። እውነትም አላሰብኩትም ነበር። ግን እኮ የእርስዎ መልስ «አልሠሩም ምክንያቱም ጊዜ አላገኙም» ነው። ይሄ ይቅርታ ነው እንጂ ውርስ አይደለም።

የጋይንት ልጅ፦
እኛ ጋ ስማቸው ወሬ አይደለም። የጋይንት ልጅ ናቸው። ደቡብ ጎንደር ላይ በስማቸው የሚጠራ ሆስፒታል አለ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ስትሄድ ካርድ ይሰጣታል፣ ካርዱ ላይ ስማቸው አለ። ማን እንደሆኑ አታውቅ ይሆናል። ልጇ ከዳነላት ግን ስሙን ትወደዋለች። ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?

የጊዮርጊስ ሰፈሩ፦
መታሰቢያ ነው። ስም የሰጠው በሕይወት ያለው ሰው ነው፣ እሳቸው አይደሉም። አትቀየመኝ።

የጋይንት ልጅ፦
ተቀይሜሃለሁ። ግን ቀጥል።

የበላይ ዘለቀ ሰፈሩ፦
ሁላችሁም ዙሪያውን ትዞራላችሁ። ስለ ክልሉ የጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ስለ ጄኔራል አሳምነው ጽጌ ሳይወራ ይሄ ክርክር ውሸት ነው። መንግሥት «የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው፣ የመሩት እሳቸው ናቸው» አለ። ይሄን የማይቀበል ሰው ግን ከተማው ሙሉ ነው። ጄኔራሉ በ2001 ታስረው በ2010 የተፈቱ ሰው ናቸው። ሲፈቱ ማን ነው ያልተደሰተ? በሰኔ 17 እሳቸውም ተገደሉ። እኔ ቤት ውስጥ ለሁለቱም ተለቅሷል። እናቴ ለአንዱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለሌላው አላቃናችም።

የጊዮርጊስ ሰፈሩ፦
የእናትህ ነገር ልቤን ነካው። ማን ምን አዘዘ የሚለውን ግን እዚህ አንፈታውም፣ ማስረጃው በእጃችን የለም። አሁን የያዝነው የርዕሰ መስተዳድሩን ነው።

ጠበቃዋ፦
ሁለቱን እንዲህ በቀላሉ መለየት አይቻልም። ላስረዳ።

መጀመሪያ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ እያነበብኩ ነው፣ አንድ ሰው እንኳ የቀሩትን ሁለቱን አልጠራም። አማካሪያቸው እዘዝ ዋሴ እዚያው ነው የሞቱት። ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ምግባሩ ከበደ ቆስለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው ያረፉት። በዚያው ማታ አዲስ አበባ ላይ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። ሰኔ 19 እዚህ ባሕር ዳር ለቀብሩ የወጣን ሰዎች የሦስቱንም ፎቶ ይዘን ነበር። ዛሬ አንዱን ብቻ ነው የያዝነው። የዓቃቤ ሕግን ስም መርሳት ለኔ እንደ ባለሙያ ያመኛል።

አሁን ወደ ነገሩ። የጸጥታ ቢሮው ኃላፊ የተሾሙት ከዶክተር አምባቸው በፊት ነው። ስለዚህ «እሳቸው ያመጡት ሰው አይደለም» የሚለው ልክ ነው። ግን አዲስ ርዕሰ መስተዳድር ሲመጣ ማንን ይዤ ልቀጥል፣ ማንን ልቀይር የሚለው በእጁ ነው። ይዘው ቀጠሉ። ምናልባት ሕዝብ የሚወደውን ሰው መንካት ከበዳቸው፣ ምናልባት አመኑ። እኔ አመኑ ብዬ ነው የማስበው። የሆነ ሆኖ ይሄ ውሳኔ የእሳቸው ነው። «ደግ ነበሩ» የሚባለው ደግነት እዚህ ጋ ሒሳብ አለው። ሟች ስለሆኑ ብቻ ይሄን አንዘልለውም።

ከሳቸው ውሳኔ በላይ ደግሞ ቤቱ ራሱ ደካማ ነበር። የክልል መንግሥት በአንድ ከሰዓት ሦስት ኃላፊ አጥቶ መቆም ካልቻለ፣ ጥፋቱ የሞቱት ሰዎች ብቻ አይደለም። ገዱ አንዳርጋቸው፣ አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለ፣ አረጋ ከበደ። ከ2011 እስከ 2015 መጨረሻ ስድስት ሰው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዶክተር አምባቸውን የሾመው ፓርቲ አዴፓ ራሱ ከሳቸው በኋላ ስድስት ወር አልቆየም፣ ኅዳር 2012 ላይ ብልጽግና ሆነ። ወንበሩ ሳይሞቅ ሰው ይነሳል፤ እንዲህ ባለ ቤት ማንም ቢመጣ ምን ያወርሳል?

ባለ ባጃጁ፦
እህቴ፣ ስድስቱን ስትቆጥሪያቸው ደነገጥኩ። እኔ በዚያ ጊዜ ሁለት ባጃጅ ነው የቀየርኩት።

የፎገራ ልጅ፦
እኔም ከጣና ዳር አንድ ነገር ልበል። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየ ከ2004 ወዲህ ስንት ባለሥልጣን መጣ! ቦት ጫማ ያደርጋል፣ አንድ እቅፍ ይነቅላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መኪናው ውስጥ ይገባል። ታንኳችን እንደታሰረች ቀረች። እምቦጩን ሁሉም ከበፊቱ ወርሶ ለሚቀጥለው አስረከበ። ዶክተር አምባቸውም ወረሱት፣ አስረከቡት። ወቀሳ አይደለም። ውርስ ስትሉ ትዝ ስላለኝ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
እሺ ድልድዩን ተውኩት። ግን እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ የጥቅምት 24ቱ ጦርነት እንዲህ አይሆንም ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን ግጭት ውስጥ ያለነውም እንዲህ አንሆንም ነበር። የተማረ ሰው፣ የሚያዳምጥ ሰው ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
«እሳቸው» በል ልጄ፣ ሟች ናቸው።

ስለ «ቢኖሩ ኖሮ» እኔም በልቤ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን የሚለው ነው። ለክርክር ግን አይሆንም። በ2013 የመጣው ነገር የአንድ ክልል መሪ ሊያቆመው የሚችል አልነበረም። ያቆሙት ነበር ማለት ዛሬ ያሉት ብቻ ጥፋተኛ ናቸው ማለት ነው፣ ያም አይመችም። ወጣት ሆኖ የሞተ መሪ አንድ ዕድል አለው፤ የከፋውን ዘመን አልመራም፣ የከፋውን ትዕዛዝ አልፈረመም። በሕይወት ያሉት ይሄ ዕድል የላቸውም። ይሄንን ለሟች እንደ ሥራ ቆጥረን ከጻፍንለት ለሌሎቹ ግፍ ይሆናል።

የበላይ ዘለቀ ሰፈሩ፦
መምህር፣ ይሄ ለጄኔራሉም ይሠራል።

ጡረተኛው መምህር፦
ይሠራል። እኔ መች አይሠራም አልኩ።

የጊዮርጊስ ሰፈሩ፦
እኔ ከጠዋቱ ትንሽ ተንሸራትቻለሁ፣ አልክድም። መምህር የበጀቱን ነገር ካነሱ በኋላ «ምን ሠሩና?» የሚለውን አልደግመውም። ጥያቄው ራሱ ፍርደ ገምድል ነው። ጠበቃዋ ያለችውን ግን ይዤ እሄዳለሁ፤ አንድ የሚታወቅ ውሳኔያቸው የጸጥታ ቢሮውን እንደነበረ መተው ነው። ከባድ ውሳኔ ነው። ይሄን ጨምሮ ካልተጻፈ የሚጻፈው ታሪክ የለቅሶ ቤት ግጥም ነው የሚሆነው።

ጠበቃዋ፦
ሚኒስትር የነበሩበትንም ጨምርበት። መምህር ያነሱትን ማንም አልነካውም።

የጊዮርጊስ ሰፈሩ፦
እውነት ነው፣ እኔም አልነካሁትም። ስለ ቤቶች ሚኒስቴሩ ዘመን የሚያውቅ፣ አብሯቸው የሠራ ሰው እዚህ ቤት ካለ ይጻፍ። ሙገሳ አይደለም፣ ሥራ። ምን ፈረሙ፣ ምን አልፈርምም አሉ።

የጋይንት ልጅ፦
አጎቴ የሚያውቅ ሰው ያውቃል። ቅዳሜ ልጠይቀው። አሁንም ግን እንደተቀየምኩህ ነኝ።

ባለ ባጃጁ፦
እኔ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ አሥራ አንደኛ ነኝ። የሚጽፍ ካለ ይጻፍ፣ ጊዜ አለኝ አነባለሁ።