ለጉልበት ካርቲሌጅ ሞዴል የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ለማስተርስ ጥናቴ የጉልበት ካርቲሌጅ (የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አካል) ንክኪን በፋይናይት ኤለመንት፣ ማለትም ቅርጹን በትንንሽ ክፍል ከፍሎ በኮምፒውተር በማስላት ልሠራ ነው። ላይሰንስ የምገዛበት ዶላር የለኝም፣ ላፕቶፔም 8 ጊጋ ራም ነው። ለእህታችሁ ጠቁሟት።

መልስ፦ እህቴ፣ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ወስኚ፤ ካርቲሌጁ ውስጥ ያለውን ውሃ በስሌቱ ትቆጥሪዋለሽ ወይስ ትተዪዋለሽ? ከካርቲሌጅ ክብደት ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ስንረግጥ መጀመሪያ ሸክሙን የሚችለው እሱ ነው፤ ቀስ እያለ ሲወጣ ጭነቱ ወደ ጠጣሩ ክፍል ይዞራል። ተመራማሪው ሞውና ባልደረቦቹ በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጡት የባይፋዚክ (ጠጣሩንና ፈሳሹን አብሮ የሚያይ) ንድፈ ሐሳብ ነገሩ ይኸው ነው።

የምትቆጥሪው ከሆነ ፌቢዮ የሚባለውን ሶፍትዌር ያዢ። የዩታና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው፣ ለምርምር በነፃ ይወርዳል። አባከስ የሚባለው የሚሸጥ ሶፍትዌርም ጥሩ ነው፣ ሰነዱ ብቻውን ትምህርት ቤት ነው። ጣጣው የንክኪው ጠርዝ ላይ ነው። ካርቲሌጆቹ ካልተነካኩበት ገጽ ውሃው በነፃ መውጣት አለበት፤ አባከስ ግን ካልነገርሽው ያንን ገጽ እንደ ተዘጋ ይወስደዋል። ጉልበቱ ሲንሸራተት ጠርዙም አብሮ ስለሚሄድ ብዙ ሰው ለዚህ ብሎ በፎርትራን ቋንቋ ኮድ ይጽፋል። ፌቢዮ ውስጥ ንክኪውን ባይፋዚክ ብለሽ ስትመርጪ ራሱ ይከታተለዋል። ነፃው የተማሪ አባከስ ደግሞ ከ1,000 ኖድ (የሞዴሉ ነጥብ) አያልፍም፤ በሦስቱም አቅጣጫ አሥር አሥር ነጥብ አድርጊና አለቀልሽ!

ፌቢዮም ያስለቅሳል። ሁለቱ ገጾች መጀመሪያ ሲገናኙ የጊዜ እርምጃው ትልቅ ከሆነ ስሌቱ ይበተናል፣ በትንሹ ጀምሪ። ገጹ አካባቢ ሜሹን (ሞዴሉ የተከፋፈለበትን መረብ) በትንንሹ ክፈዪው።

ቅርጹን ከባዶ አትሥሪ። ኦፕን ኒ የሚባለው ነፃ ሞዴል አለ፤ የመጀመሪያው የ70 ዓመት ሴት ቀኝ ጉልበት ነው፣ ለፌቢዮ የተዘጋጀ።

ሌላ መልስ፦ ውሃውን ከተውሽው ካልኩሊክስ የሚባለው ሶፍትዌርም ነፃ ነው፣ የግብዓት ፋይሉ ከአባከስ ጋር ይመሳሰላል። ኦፕንሲም (የሰውነት እንቅስቃሴ ማስያ ሶፍትዌር) ግን ለዚህ አይሆንሽም፤ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ኃይል አውጪበት፣ ያንን ጭነት ወደ ሞዴልሽ ውሰጂው።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! ውሃውን እቆጥራለሁ። መብራት ቢሄድብኝስ?

መልስ፦ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰላ ያደረውን ሊነጋ ሲል መብራት ወስዶብኛል። ፌቢዮን ዳምፕ ፋይል (ስሌቱ የደረሰበትን የሚያስቀምጥ) እንዲጽፍ እዘዢው፣ ካቆመበት ይቀጥላል።