«ሸፍታ ቀረች» ሲባል ምን ማለት ነው?

ማኅሌት ዘአራዳ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ላይ ከቆመ መርከብ ያለ ፈቃድ ያሰራጩ ስለነበሩት ስለ ድሮዎቹ የመርከብ ሬዲዮዎች የሚተርክ ዝግጅት እየሰማሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘኝ። «እ.ኤ.አ. በ1967 የእንግሊዝ መንግሥት የሚከለክላቸውን ሕግ ሲያወጣ ሬዲዮ ለንደን ተዘጋ፤ ሬዲዮ ካሮላይን ግን ሸፍታ ቀረች» ይላል። በእምቢታዋ ጸናች ማለት ነው? ወይስ ሸፍታ በዚያው ጠፋች? «ሄዶ ቀረ» ስንል ተመልሶ አልመጣም ነው። «ቁጭ ብሎ ቀረ» ስንል ደግሞ ካለበት አልተነሣም። ይኼኛው የትኛው ነው?

ሞገደኛው፦ ቆይ፣ መጀመሪያ «ሸፈተች» ራሱ ልክ ነው ወይ? እንግሊዝኛው እኮ የባሕር ወንበዴ ነው የሚላቸው። ተራኪው ለምን አለሳለሰው?

የኔታ ዘዲማ፦ አላለሳለሰም፤ አውቆ ነው። ወንበዴ ይቀማል። ሽፍታ ፍርድ ጎደለብኝ ብሎ ጫካ ይገባል። የካሮላይን መሥራች ሮናን ኦራሂሊ የማንን ምን ቀማ? የሚያስተዳድረውን የዘፋኙን የጆርጂ ፌምን ሸክላ የሚያጫውትለት ጣቢያ አጣ። ቢቢሲ ለሸክላ የተፈቀደለት ሰዓት ጠባብ ነበር። ሰውየው መርከብ ገዛ። አባቱ በነበራቸው በአየርላንዱ ግሪኖር ወደብ ማሰራጫ አስገጠመ። ከዚያ ከእንግሊዝ የባሕር ክልል ወጣ ብሎ መልሕቁን ጣለ። ያኔ ክልሉ 3 የባሕር ማይል ብቻ ነበር። ስርጭቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 በፈረንጆቹ ቀዳም ሥዑር ነው። ወንበዴ ቀን መርጦ አይነሣም።

ልጅ እግሩ፦ የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ነገሩን አሳመሩት። ያለ ፈቃድ ሞገድ መያዝም ቅሚያ ነው። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 የሆነውን እንዴት ዘለሉት? ሬዲዮ ሲቲ የሚባለው ሌላው ጣቢያ ባሕር ላይ በቆመ የጦርነት ጊዜ ምሽግ ውስጥ ነበር። በማሰራጫ ጠብ ሌሊት ሰዎች ሄደው ምሽጉን ያዙት። ባለቤቱ ሬጂናልድ ካልቨርት በማግሥቱ ተቀናቃኙ ኦሊቨር ስሜድሊ ቤት ሄዶ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ስሜድሊ ራሱን ተከላከለ ተብሎ በነጻ ተለቀቀ። ይኼ ውንብድና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የኔታ ዘዲማ፦ ሽፍታም እርስ በርሱ ይጋደላል፣ ልጄ።

ቅኔ ዘራፊ፦ ለምን «ዘራፊ ሬዲዮ» ብለን አንገላገልም? በቅኔ ቤት «መዝረፍ» ቅኔ መቀኘት ነው፤ ማዕረግ ነው። ጀግናውም «ዘራፍ!» ብሎ ነው የሚነሣው። ስድብም ሙገሳም በአንድ ቃል።

አስቴር ከናታንያ፦ እዚህ ከቴል አቪቭ ማዶ ቆሞ የነበረውን መርከብስ ምን ልትሉት ነው? የእስራኤላዊው የአቢ ናታን ሬዲዮ «የሰላም ድምፅ» እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1993 ፈቃድ ሳይኖረው አሰራጭቷል። ሰውየው በ77ቱ ድርቅ ለአገራችን እርዳታ ይዞ የደረሰ ነው። እሱን ወንበዴ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

ልጅ እግሩ፦ እቴ አስቴር፣ ደግ መሆኑ ፈቃድ አይሆነውም እኮ።

ባላገር፦ ወንበዴ የሚለውን ለመተው ሌላም ምክንያት አለ። የደርግን ዜና ሰምቶ ያደገ ሰው «ወንበዴ» ሲባል ሸክላ የሚያጫውት ጎረምሳ አይታየውም፤ ግንባር ነው የሚታየው። ወደ ጥያቄው ስንመለስ ግን ታሪኩ ራሱ ሊፈታው ይችላል። ሕጉ የጸናው ነሐሴ 9 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው፣ ፍልሰታ መሆኑ ነው። መርከቧ ከክልል ውጪ ስለሆነች እሷን አልነካም። የነካው መርከቧ ላይ የሚሠራውን እንግሊዛዊ፣ ስንቅ የሚያቀብለውንና ማስታወቂያ የሚሰጠውን ነው። ሽፍታን በስንቅ ማስራብ ማለት ይኼ ነው። ሬዲዮ ለንደን በዋዜማው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተሰናብታ ዘጋች። ካሮላይን በሁለት መርከብ ቀጠለች፤ ስንቁም ከሆላንድ ይመጣላት ጀመር። እ.ኤ.አ. በማርች 1968 ግን ያ ስንቅ አቅራቢ የሆላንድ ኩባንያ ዕዳዬ አልተከፈለኝም ብሎ ሁለቱንም መርከቦች ጎትቶ አምስተርዳም ወሰዳቸው።

ማኅሌት ዘአራዳ፦ እና ታዲያ ጸናች ወይስ ጠፋች?

ቅኔ ዘራፊ፦ ሰምና ወርቅ ነው በያ! ደግሞ በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ተመልሳ መጣች። ሚ አሚጎ የምትባለው መርከቧ የሰጠመችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከመንግሥት ጋር የታረቁትን አቅራቢዎች ብትጠይቂኝ ግን እነሱ ፈያታዊ ዘየማን ናቸው። ቢቢሲ ሕጉ በጸና በስድስት ሳምንት ሬዲዮ 1ን ሲከፍት የመጀመሪያውን ዝግጅት ያቀረበው ቶኒ ብላክበርን ነው። ከካሮላይንም ከሬዲዮ ለንደንም አልፎ የመጣ ሰው! ከመርከብ ወርዶ ቀጥታ ገነት።

የኔታ ዘዲማ፦ ፈያታዊ ዘየማን ንስሐ ገብቷል። ያንተው ሰው በምን ንስሐ ገባ?

ሞገደኛው፦ ወደ «ዘራፍ» ልመለስ። ከ«ዘረፈ» ነው ያለው ማነው? እኔ ከ«ዘርፍ» ነው ባይ ነኝ። የልብስ ዘርፍ፣ ጫፍ። ዘራፊ ማለት ጫፉን ይዞ የሚጎትት ነው። ካሮላይንም ከባሕሩ ክልል ጫፍ ላይ ነበረች። ገጠመ!

ልጅ እግሩ፦ ይኼን ከየት አመጣኸው?

ሞገደኛው፦ ከራሴ።

የኔታ ዘዲማ፦ ያስታውቃል። ለልብስ ጫፍ የግእዙ ወንጌል «ጽንፈ ልብሱ» ይላል።

ቅኔ ዘራፊ፦ የኔታ፣ «ጽንፈ ልብሱ» ላይ ግን ዘርፉ «ልብስ» አይደለም እንዴ?

የኔታ ዘዲማ፦ ያ የሰዋስው ዘርፍ ነው፤ የማን መሆኑን የሚያሳየው ስም። አትቀላቅል።

ሞገደኛው፦ መቀላቀሉን የጀመረው ቋንቋው ነው። ለዘርፍ ራሱን የቻለ ርዕስ ልከፍት ነው፣ ተከተሉኝ።