የካውንስላችንን ውሳኔ ዲኑ በደብዳቤ ሻረው፤ ቀጥሎ ወዴት ነው የሚኬደው?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ የዲፓርትመንት ካውንስላችን ጸሐፊም እኔው ነኝ። አማካሪ መምህር ስላነሰን የማታው ማስተርስ ዘንድሮ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበል 9 ለ 4 ወሰንን። ቃለ ጉባኤው ላይ የተቃወሙት አራቱም ፈርመዋል። በሳምንቱ ከዲኑ ባለ ሦስት መስመር ደብዳቤ መጣ፤ ውሳኔው ተሽሯል፣ ምዝገባ ይጀመር ይላል። ምክንያት የለው፣ አንቀጽ የለው። ማኅተሙ ግን ደምቋል።

ከዲፓርትመንቱ በላይ ላለው አካዳሚክ ኮሚሽን አጀንዳ አስያዝኩ። ሰብሳቢው ራሱ ዲኑ ነውና ሁለቴ "ለሚቀጥለው ስብሰባ" ተባልኩ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁን (1152/2011) አገላበጥኩ፤ በአካዳሚክ ጉዳይ የዩኒቨርሲቲው የበላይ አካል ስለሆነው ሴኔት ሥልጣን ያወራል እንጂ እንዲህ ያለ አቤቱታ በማን በኩል እንደሚገባ አላገኘሁበትም። ምዝገባው ሰኞ ይጀመራል።

እንዲህ ገጥሟችሁ የምታውቁ፣ ቃለ ጉባኤውን ዲኑን ዘልዬ በቀጥታ ለሴኔቱ ጸሐፊ ማስገባት እችላለሁ?