ምስክሯ ለፖሊስ ያልተናገረችውን በችሎት ብትጨምር እንዴት ይመዘናል?

ጀማሪ ጠበቃ (ደሴ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የሙያ ባልደረቦቼ። በውንብድና ወንጀል ለተከሰሰ ሰው ቆሜያለሁ። ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለው በሸዋ በር አካባቢ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ጭጋግ በወረደበት ዕለት ነው። ብቸኛዋ የዓይን ምስክር በማግስቱ ለፖሊስ በሰጠችው ቃል ላይ «ጥቁር ጃኬት የለበሰ ረጅም ወጣት» ከሚለው በቀር ስለ መልኩ የሰፈረ ነገር የለም። በችሎት ግን «ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው» ብላ መሰከረች፤ ደንበኛዬም ጠባሳው አለበት። ይህ ግድፈት ብቻውን ምስክርነቷን ውድቅ ያስደርጋል?

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ (ኮምቦልቻ)፦
ብቻውን አያስደርግም። ሳይናገሩ መቅረትና ተቃራኒውን መናገር የተለያዩ ናቸው፤ «ፊቱን አላየሁም» ብላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 145 መሠረት ለፖሊስ የተሰጠ ቃል የምስክርን ተዓማኒነት ለመፈተን ያገለግላል። ሆኖም ቃሉን በመስቀለኛ ጥያቄ ወቅት ለምስክሯ አቅርበው «ስለ ጠባሳው ለፖሊስ ነግረሻል ወይ?» ብለው ካልጠየቁ፣ በመጨረሻው ክርክር ላይ ቢያነሱት ዳኞቹ ማብራሪያ የመስጠት ዕድል እንዳልተሰጣት ይቆጥሩታል።

መርማሪ የነበርኩ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ በከፊል አልስማማም። ቃል የሚቀበለው ፖሊስ የምስክሩን ንግግር በራሱ አጻጻፍ አሳጥሮ ስለሚያሰፍር፣ ምስክሩም ሲነበብለት «አዎ» ብሎ ስለሚፈርም፣ ብዙ ዝርዝር ወረቀቱ ላይ አይገኝም። የሚሮጥበት አቅጣጫ ወይም የጫማው ዓይነት ቢቀር አይገርመኝም። የፊት ጠባሳ ግን ተጠርጣሪው በማይታወቅበት ጊዜ መርማሪ በመጀመሪያ የሚፈልገው ምልክት ነው፤ ከተነገረው ሳይጽፈው አያልፍም። ስለዚህ አልተጠየቀችም ወይም አልተናገረችም፤ የትኛው እንደሆነ ቃሉን የተቀበለው ሰው ነው የሚያውቀው።

ጠበቃ (ደሴ)፦
እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው በሁለቱ ቃሎች መካከል ተከሳሹን የት አየችው የሚለውን ነው። ጣቢያ ውስጥ ለብቻው አሳይተዋት ከሆነ ጠባሳውን ያየችው በጭጋጉ ውስጥ ይሁን በጣቢያው መብራት ሥር፣ እሷ ራሷም በቅንነት ልትለየው አትችልም። ምስክሯን ውሸታም ማለት ሳያስፈልግዎ ምስክርነቷ አስተማማኝ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ጠበቆች ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። በመልክም በቁመትም ከሚመስሉት ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ መርጣው ከሆነ ግን ክርክርዎ በእጅጉ ይላላል።

ጀማሪ ጠበቃ (ደሴ)፦
እጅግ አመሰግናለሁ። በተያዘ ማግስት ጣቢያ ተጠርታ ለብቻው እንዳየችው በመስቀለኛ ጥያቄ አምናለች። ጠባሳውን ለመርማሪው መናገሯን ስጠይቃት ደግሞ «አላስታውስም» ብላለች።

ጠበቃ (ደሴ)፦
እንግዲያው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት፣ በቁጥር 143 መሠረት መርማሪው ተጠርቶ እንዲጠየቅ ለፍርድ ቤቱ ያመልክቱ። በማመልከቻዎ ላይ ቃሏ የተመዘገበበትንና ተከሳሹ የታየበትን ቀን ጎን ለጎን ያስፍሩ።